ኮርቻ ላይ ከመውጣትዎ በፊት
በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል ያየ ሰው፣ ፈረስ በልጅነት ብቻ የሚለመድ ይመስለዋል። እኔ የጀመርኩት ግን በ41 ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ነው። በዚህ ዕድሜ ከፈረሱ በላይ የሚያስፈራው «ወድቄ ብሰበር ልጆቼን ማን ይይዝልኛል?» የሚለው ሐሳብ ነው።

ስለዚህ አሠልጣኝ ሲመርጡ ግልቢያውን ብቻ አይተው አይወስኑ። ሲቀርበው ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጣብቃል ወይስ ተረጋግቶ ይቆማል? የእኔው አሠልጣኝ መጀመሪያ ያስተማረኝ ፈረሱን መቦረሽና መለጎም ነበር። እርካብ ላይ ተረከዜን ዝቅ ማድረግ እስክለምድም ሶምሶማ አላስሞከረኝም። «ፈራሁ» ስለው አልሳቀም፤ ፈረሱን አቆመልኝ። እርስዎም ሲፈሩ የሚያቆምልዎትን ይምረጡ።