የቤቱ ምሰሶ

አንባቢ ሆይ፣ በአንድ ቤት ሁለት ፓይተን ሊኖር እንደሚችል ሳላውቅ የደረሰብኝን ላጫውትህ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት አረቅጥ፣ ከወላጆቼ ቤት ነበርሁ። ኮምፒዩተሬ የሚሠራው በ2012 ዓ.ም. በወጣው ኡቡንቱ 20.04 ሲሆን፣ ፓይተን 3.8 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አብሮት መጥቷል። እኔ ግን አዲሱን 3.11 ጫንሁና የአሮጌው ስም ወደ አዲሱ እንዲያመለክት አደረግሁ። ወዲያው ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል አልከፈት አለ። ለካ እርሱን የሚያስነሣው ጽሑፍ ራሱ በፓይተን የተጻፈ፣ ለ3.8 የተሰናዳ መሣሪያም የሚሻ ኖሯል!

አባቴ ጭንቀቴን ሰምተው የጎጆአችንን ምሰሶ እያዩ፣ «ልጄ፣ አሮጌውን ነቅለህ አዲስ እስክትተክል ጣራውን ማን ይዞልሃል?» አሉኝ።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኜ ጽሑፍ ብቻ ወደሚታይበት ገጽ ገባሁ፤ ስሙንም ለ3.8 መለስሁ። 3.11ን ግን ለሥራዬ በተለየ ማኅደር ለብቻው አኖርሁት። ሁለቱም በሰላም ሠሩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ቤቱ የቆመበትን ሳትነካ የምትሻውን በጎኑ ትከል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንደኔ ያለው ነውና።