ሞትን ፈርቼ መኖር ያቃተኝ ጊዜ

ታናሽ ወንድሜን ደሴ ላይ ከቀበርን በኋላ ነው የጀመረኝ። ቀብሩ ውስጥ ወርደው ጀናዛውን ከተቀበሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። በቀኝ ጎኑ አስተኝተን ፊቱን ወደ ቂብላ አዞርን፤ የከፈኑን ቋጠሮ ፈታን። ያን ቀን እንባ አልወጣኝም። ጭንቁ የመጣው ለቅሶው ተበትኖ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሲመለስ ነው።

ሌሊት ደረቴን ጨምድዶ ይቀሰቅሰኛል። ሁላችንም እዚያ ጉድጓድ የምንገባ ከሆነ ይህ ሁሉ ሩጫ ለምን? ሐሳቡ አይለቀኝም። ቀን ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ በመሃል ሜትሩን ይዤ እቆማለሁ፤ ደንበኛው ስንት ሜትር እንዳለኝ ይጠፋኛል። ሶላት ላይ ፋቲሓ እየቀራሁ «የሚሰማኝ አለ ወይ?» የሚል ነገር ውል ሲለኝ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ልቤን ተመረመርኩ፤ ደህና ነው አሉኝ። የሚያውቁኝ ደግሞ «ኢማንህ ቢደክም ነው» አሉኝ። ከሕመሙ ይልቅ የሰበረኝ ይሄ ነው።

አንድ ሸኽ ብቻ አልፈረዱብኝም። ሶሓቦችም ለመናገር የሚከብዳቸው ሐሳብ በልባቸው እንደሚመጣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረዋቸው እንደነበር፣ እሳቸውም በሐሳቡ መጨነቃቸው ራሱ ኢማን መሆኑን እንደነገሯቸው አጫወቱኝ። ሐዲሱ ሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ አለ። ኢማም ገዛሊንም አነሱልኝ። በ1095 እ.ኤ.አ. ባግዳድ፣ ኒዛሚያ መድረሳ ሲያስተምሩ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ ምግብ አልዋጥ አላቸው፤ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆረጡ። በመጨረሻ ወንበራቸውን ትተው ወደ ደማስቆ ሄዱ። ይህን የጻፉት ራሳቸው ገዛሊ ናቸው። የዚያን ያህል ዓሊም የደረሰበት ነገር እኔን ከሃዲ አያሰኘኝም። ለወንድሜ ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው።

«ልጄ፣ መታከም የነቢያችን ምክር ነው» ብለው ሸኹ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ። መድኃኒቱን ወሰድኩ። ሥራም ሰጡኝ፤ መስጊዱ ግቢ የተተከሉትን የወይራ ችግኞች ማጠጣት። ቂያማ ቢቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ ይትከላት የሚለውን ሐዲስ እያስታወሱ ነበር። ጥላዋ ሥር የሚቀመጥ ሰው ለማይኖርባት ችግኝ «ትከል» መባሉ ለኔ ጥያቄ መልስ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ዓላማ የምለው የሚቀረውን ነገር ነበር፤ ቤት፣ ሱቅ፣ ስም። ቁርኣን (51፥56) ለዒባዳ ተፈጠራችሁ ሲለን፣ ባልዲ ይዤ ጎንበስ ማለቴም ኒያዬ ከተስተካከለ ከዒባዳው ይቆጠራል። ችግኙ ጸደቀም ደረቀም፣ አላህ ዘንድ የኔ ማጠጣት ተጽፏል።

ሞት ዛሬም ያስፈራኛል። ነገር ግን ሱቄን እከፍታለሁ፣ እተኛለሁ፣ ለሱብሂ እነሳለሁ።

ኢማሞች፣ ወላጆች፤ አንድ ወጣት መኖር ትርጉም አጣብኝ ሲላችሁ ኢማኑን አትመዝኑበት። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ሶላቱንም አብራችሁት ስገዱ።