ጸሎት ስንጀምር የሚቋረጠው ዋይፋይ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ይህ ደግሞ ለጽሞና ምን ይሆናል የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ንስሐ ያስገባኝ ነገር ስለሆነ ነው የምጽፈው።

ላፕቶፑን የሰጠኝ ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥቶ የነበረ ወንድም ነው። በፈረንጆች 2013 ገዝቶ ለዓመታት ሠርቶበታል። «ፓስተር፣ ለስብከት መጻፊያ ይሆንዎታል» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። እውነትም ሆነኝ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ የሁለት ቁልፎች ፊደል ተፍቆ ጠፍቷል፤ ግን ይጽፋል። ችግሩ የመጣው ዓርብ ማታ በዙም የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስንጀምር ነው።

በዚህ ጥናት የሚገቡት ከአጥቢያችን ወጥተው በየአገሩ የተበተኑ ልጆቻችን ናቸው። አብዛኞቹ በዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶች ናቸው። የሳዑዲም የኩዌትም ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ሥራቸውን ጨርሰው ክፍላቸው የሚገቡበትን ጊዜ ጠይቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት አደረግነው። አንዳንዶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

የእኔ ዋይፋይ ታዲያ ይቋረጥ ጀመር። የሚገርመው የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ቃሉን ስናጠና ደህና ይሠራል። «እንግዲህ እንጸልይ» ስል ይጠፋል። አንድ ጊዜ ቢሆን ባልገረመኝ። በየሳምንቱ ሆነ። ወገኖች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔም ያንኑ አልሁ። ጠላት ነው! የጸሎት ቡድናችንን ሰብስቤ ዳንኤል ምዕራፍ 10ን አነበብኩላቸው፤ የዳንኤል ጸሎት ከመጀመሪያው ቀን ተሰምቶ ሳለ መልሱን ይዞ የሚመጣው መልአክ 21 ቀን እንደ ተከለከለ አስተማርኩ። ሁላችንም ተነሥተን ቆመን የሚቋረጠውን ኔትወርክ በኢየሱስ ስም ገሠጽነው። በሚቀጥለው ዓርብ ጸሎት ስንጀምር ተቋረጠ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። በተለይ አንደኛው ምሽት። የሚከተለውን የምጽፈው እኅቴን አስፈቅጄ ነው። ይህች እኅት ብዙ የምትናገር አይደለችም። ያን ምሽት ጥናቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ እርስዋ ቀረች። «ፓስተር፣ ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ» አለችኝ። ጀመረች። ትንሽ እንደ ተናገረች ልቅሶ መጣባት። እኔም «ቆይ እኅቴ፣ አስቀድመን እንጸልይ» አልኋት፤ ራሴን ዝቅ አደረግሁ፤ ተቋረጠ። እንደ ምንም ተመልሼ ስገባ ወጥታለች። በሚቀጥለው ዓርብ አልገባችም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልገባችም።

ቀን እንዳልደውልላት፣ በሥራ ሰዓት ስልክ ማንሣት ከአሠሪዎቿ ጋር ያጣላታል ብዬ ፈራሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የድምፅ መልእክት መተው እችል ነበር። አልተውሁም፤ «ውጊያ ገጥሟታል፣ ቀዝቅዛለች» ብዬ ደምድሜ ነበርና። ይባስ ብዬ ለጸሎት ቡድኑ በምሰጠው ወረቀት ላይ ስሟን ጻፍሁት፤ «በእምነት የቀዘቀዙ» ከሚለው ርዕስ ሥር።

የችግሩን ጫፍ የያዘው በቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ የሚያገለግል አንድ ወጣት ነው። ስለ ውጊያው በሰፊው ነገርሁት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና «ፓስተር፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ በስልክዎ ሞክረው ያውቃሉ?» አለኝ። አልሞከርኩም ነበር። ዓይኔ ስለ ደከመ ጥቅሱንም የሰዎቹንም ፊት አንድ ላይ የማየው በላፕቶፑ ነው፤ ስልኬን ያሰበው የለም። ስንሞክር ስልኩ ምንም አልሆነም። «እንግዲህ መስመሩ አይደለም፤ ራውተሩም አይደለም። ማሽኑ ነው» አለ።

ከዚያ አንድ በአንድ ማጥራት ጀመረ። ፒንግ የሚባል ትእዛዝ አሳየኝ። ላፕቶፑ አንዲት አጭር መልእክት ይልካል፣ የተላከበት መልስ ይሰጣል፤ ስንት እንደ ተመለሰ፣ ስንት እንደ ጠፋ ትቆጥራላችሁ። መጀመሪያ ወደ ራሳችሁ ራውተር ትልካላችሁ፤ በብዙ ቤት አድራሻው 192.168.1.1 ነው። ቀጥሎ ከቤት ውጭ ወዳለ አድራሻ። ራውተሩ እየመለሰ ውጭው ዝም ካለ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ራውተሩ ራሱ ዝም ካለ ግን ችግሩ በእናንተና በራውተሩ መካከል፣ እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው። ከሁለት ክፍል ማዶ ያለው የእኔ ራውተር ዝም ይል ነበር።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ላፕቶፑ የጎረቤቶችን ዋይፋይ ሲዘረዝር ከሃያ ያላነሰ ስም ያወጣል (አንደኛው «አትስረቅ» ይላል፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ ግን ከዐሥርቱ ትእዛዛት አንዱን በየቀኑ ያሳስበናል)። እንዲህ በተጨናነቀ ሰፈር 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ሁሉም ይጋፋሉ። በዚህ ሞገድ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን የሚሄዱት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ወጣቱ ራውተራችንን ጥቂት ሰው ወዳለበት ቻናል አዞረው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ይከብደዋል፤ የእኔን ዓይነት አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አያየውም። ቻናሉ ተቀየረ፤ ትንሽ ተሻለ፤ አልዳነም።

ቀጥሎ የኃይል ቁጠባውን አየ። በዊንዶውስ ውስጥ ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ ኔትወርክ አዳፕተርስ በሚለው ሥር የዋይፋዩን ካርድ ስትከፍቱ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ገጽ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ባትሪ ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋው የሚፈቅድ ምልክት አለ። ምልክቱን አነሣው። በእውነት ትልቅ ለውጥ መጣ፤ መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስሠራ የነበረው መጥፋት ቀረ። ደስ አለኝ፤ «ተፈወሰ!» አልሁ። በማግሥቱ ለምሳ ጸሎት ክዳኑን ዝቅ ሳደርግ ተቋረጠ። አንድ ማሽን ሁለት በሽታ ሊኖረው እንደሚችል አላሰብሁም ነበር።

በመጨረሻ ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ ነቅሎ አመጣና ሰካልኝ። አንድ ማታ ሙሉ ሳይቋረጥ ሠራ። ሶፍትዌሩ ደህና ነው፣ ክፍሉም ደህና ነው፤ የቀረው በሆዱ ውስጥ ያለው ነው ማለት ነው። መቀበያውን ለእሑድ አገልግሎት ስለሚፈልገው ይዞት ሄደ፤ እኔም ሐሙስ ዕለት ላፕቶፑን ይዤ ጥገና ቤት ሄድሁ።

የጥገና ቤቱ ልጅ አንገቱ ላይ ማተብ አለው። ገና ሳይከፍተው «ጋሼ፣ የሚቋረጠው ክዳኑን ሲነኩት ነው?» አለኝ። «ኧረ ጸሎት ስጀምር ነው» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። «ሲጸልዩ ምን ያደርጋሉ?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አስቤው አላውቅም። ስጸልይ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ያኔ የስክሪኑ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል፤ ስለዚህ ሳላስተውል ክዳኑን በእጄ ገፋ አድርጌ ግማሽ እዘጋዋለሁ። በየሳምንቱ።

ከፍቶ አሳየኝ። ከዋይፋዩ ካርድ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይነሣሉ፤ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ። በክዳኑ ማጠፊያ ውስጥ አልፈው ወደ ስክሪኑ ዳር ይወጣሉ፤ አንቴናው ያለው እዚያ ነው። በስንት ዓመት መክፈትና መዝጋት አንደኛዋ ማጠፊያው ላይ ተበጥሳለች፣ ሌላዋ ልትበጠስ ደርሳለች። ክዳኑ ቀጥ ሲል ትገናኛለች፣ ሲያዘነብል ትለያያለች። «ከሌላ የሞተ ማሽን ላይ ሽቦ ፈልጌ እገጥምልዎታለሁ፤ እስከዚያ ግን ክዳኑን እንዳያንቀሳቅሱት» አለኝ።

በታክሲ ስመለስ ኢያሱ ምዕራፍ 7 በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር። እስራኤል በጋይ ሰዎች ፊት ሸሽተው ወደ ሠላሳ ስድስት ሰው ሞቶባቸዋል። ኢያሱ ልብሱን ቀድዶ እስከ ማታ በግንባሩ ተደፍቶ ይጸልያል። እግዚአብሔር ግን ለምን ተደፍተሃል፣ ተነሥ ይለዋል። ነገሩ ያለው ከጋይ ቅጥር ሳይሆን ከራሳቸው ሰፈር ነው። በነጋታው ነገድ በነገድ ይቀርባል፤ ይሁዳ ይለያል፤ ከይሁዳ የዛራ ወገን፣ ከወገኑ አንድ ቤት፣ ከቤቱ አንድ ሰው። ያ ወጣት ከመስመር ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ሽቦ እንደ ወረደው ማለት ነው። ይህን ምዕራፍ በቲዎሎጂ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ ሰብኬበታለሁ።

ሽቦ ኃጢአት አይሠራም፤ እርሱን አካን ማድረግ አልፈልግም። ጠላት የለም፣ ውጊያ የለም እያልኩም አይደለም። እኔን ያስጨነቀኝ ያ ወረቀት ነው። የተበጠሰው የእኔ ሆኖ ሳለ «የቀዘቀዙ» ብዬ የጻፍሁት የእርስዋን ስም ነው። ቤት እንደ ገባሁ ስሟን ሰረዝሁ፤ ለቡድኑም ለምን እንደ ሰረዝሁ ነገርኋቸው። ከዚያ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የሽቦውንም ነገር ጨምሬ ነገርኋት።

ዓርብ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገባች። ጥናቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረች።

«ፓስተር፣ እኔ እኮ የዘጉብኝ መስሎኝ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ስነግርዎት ተጸይፈውኝ የዘጉት መሰለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጌታም እንደዚያው ዘግቶብኝ ይሆን እያልኩ ነበር።»

ምን እንደ መለስሁላት በደንብ አላስታውስም። አለቀስሁ። እርስዋ ግን ስለ ክዳኑ ስታስብ ሳቋ መጣ፤ አሠሪዎቿ እንዳይሰሙ አፏን በብርድ ልብስ ይዛ ነው የሳቀችው። ከዚያም «የት ላይ ነበር ያቆምኩት?» ብላ ጀመረች፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ሰማኋት። ሽቦው ገና አልተገጠመም ነበር። ስንጸልይ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ክዳኑን ሳልነካ፣ ዓይኔን ገልጬ ፊቷን እያየሁ ጸለይሁ።