በ16 ዓመት የተወሰደች ኬሚስትሪ

ባለፈው ግንቦት ልጄ የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻዋን ስትሞላ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ሻይ ከማቀበል ሌላ ምን ልረዳት! ድንገት እጇ ቆመ። "አባዬ፣ ያቺ የሃይስኩል ኬሚስትሪዬ ትዝ ትልሃለች?" አለችኝ።

እንዴት አትለኝም። 11ኛ ክፍል ሳለች ነው። እዚህ ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ራኒንግ ስታርት የሚሉት የዋሽንግተን ስቴት ፕሮግራም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሄዶ እንዲማር ያደርጋል። የትምህርቱን ክፍያ መንግሥት ይችላል፣ ለወላጅ የመጽሐፍና አንዳንድ ጥቃቅን ወጪ ይቀራል። አንዱ ኮርስ ለሃይስኩሉም ለኮሌጁም ይቆጠራል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ድዋል ኢንሮልመንት ትሉታላችሁ፤ ሚኒሶታማ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የራሷ አላት። ነፃ ነው ሲሉኝ ሌላ ጥያቄ አልጠየቅሁም። ከቅዳሴ በኋላ ሰው መሐል ቆሞ "ልጄ በ16 ዓመቷ ኮሌጅ ገባች" ማለትም ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

ኬሚስትሪና ካልኩለስ ወሰደች። ሁለት አውቶቡስ እየቀያየረች፣ ማታ ማታ ታናሽ ወንድሟን እየጠበቀች ተማረች። ሁለቱንም ሲ አመጣች። "ገና ልጅ ነሽ፣ ይረሳል" አልኳት። ተረሳም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ክሬዲቱን ተቀበሏት እንጂ ውጤቱን ጂፒኤዋ ላይ አልደመሩባትም። ከዜሮ እንደጀመረ ሰው ሆና በ3.8 ጨረሰች።

አምካስ የሚባለው የማመልከቻ አገልግሎት ግን አልረሳም። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኤምዲ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በእሱ በኩል ነው። አመልካቹ ኮሌጅ ገብቶ የተማረውን ሁሉ፣ ሃይስኩል ሳለ የወሰደውንም ጭምር ይመዘግባል፤ ከእያንዳንዱ ኮሌጅም ትራንስክሪፕት ያስልካል። ከዚያ አምካስ ዩኒቨርሲቲው ያወጣውን ጂፒኤ ወደ ጎን ትቶ በራሱ ስሌት እንደገና ይደምራል። ኮርሱን ደግሞ መውሰድም የድሮውን አይፍቅም፤ ሁለቱም ውጤት ይቆጠራል።

"ባናስገባትስ?" አልኩ፣ እንደ ዋዛ። ልጄ እንዴት እንዳየችኝ ብታዩ! ማመልከቻው ላይ የጻፍኩት የተሟላ ነው ብሎ የሚያረጋግጠው ራሱ አመልካቹ ነው። ሲ ይዞ መቅረብ ሲ ደብቆ ከመያዝ ይሻላል።

ወረቀት አውጥተን ሒሳቡን ሠራን። አምካስ ሁሉንም ወደ ሴሚስተር ክሬዲት ይቀይራል። በኳርተር 5 ክሬዲት የሆነ ኮርስ 3.3 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲዎች 6.6 መሆናቸው ነው። የዩኒቨርሲቲውን 120 ክሬዲት በ3.8 ብንወስድ፣ ሁለቱ ሲገቡበት ወደ 3.71 ይወርዳል። እሺ፣ ይቻላል። ያስደነገጠን ሌላው ዓምድ ነው። የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤት ለብቻው ይወጣል፤ እዚያ ክሬዲቱ ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ሲ ይከብዳል። 50 ክሬዲት በ3.75 የነበረው 3.55 ላይ ዱብ አለ። ካልኩሌተሩ የተሳሳተ መስሏት ሦስት ጊዜ ደገመችው።

እኔ ማትሪክ ትዝ አለኝ። በኛ ጊዜ 12ኛ ክፍል ላይ የጥቂት ቀን ፈተና ሐኪም መሆን አለመሆንህን ይወስን ነበር። ከዚያ ያመለጥን መስሎኝ ነበር እኮ፤ ለካ እዚህ ደግሞ አንድ ክፍል ቀደም ብሎ ይጠብቅሃል።

ማጋነን ግን አልፈልግም። ውጤቱ በየዓመቱ ተከፍሎ ነው የሚቀርበው፤ የሃይስኩሉ የራሱ መስመር አለው። ሲዎቹ የ16 ዓመት ልጅ ውጤት መሆናቸውንና ከዚያ ወዲህ መስመሩ ሽቅብ መሄዱን አንባቢው ያያል። ኤምካት የሚሉት የመግቢያ ፈተና አለ፤ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ያገለገለችው ሰዓት አለ። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ ኤፒ በሚሉት የሃይስኩል ኮርስና ፈተና ነው ያለፈው፤ የኤፒ ክሬዲት ጂፒኤ ውስጥ ስለማይገባ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። እሱም ቢሆን አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የኤፒ ኬሚስትሪን እንደ ቅድመ ሁኔታ ስለማይቀበሉ ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ ግድ ሆኖበታል።

ፕሮግራሙን አልወቅስም፤ ብዙ ሺህ ዶላር አድኖልናል። ካውንስለሯ ስለ ገንዘቡ ስታወራ ስለ ውጤቱ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዛሬ ቢሆን በ16 ዓመቷ እንግሊዝኛና ታሪክ ትውሰድ፣ ኬሚስትሪዋን ሰውነቷም ጊዜዋም ሲደላደል ትያዘው እል ነበር። ቸኩለን የት ልንደርስ? በ20 ዓመት ዲግሪ ስለያዘች በሩን ቀድሞ የሚከፍትላት የሕክምና ትምህርት ቤት የለም።

ማመልከቻዋን ሰኔ ላይ ላከች፤ እየጠበቅን ነው። ታናሽየው ደግሞ 10ኛ ክፍል ነው፤ በቀደም የራኒንግ ስታርት ቅጽ ይዞ መጣ። አንደኛ ምርጫው ኬሚስትሪ። እህቱ እስክሪብቶ አንስታ ሰረዘችውና "የዓለም ታሪክ" ብላ ጻፈችለት። እሱ ግን "ሐኪም እሆናለሁ ያለሽ ማነው? እኔ የምሆነው ኢንጂነር ነው፤ ኢንጂነር ደግሞ አምካስ የለበትም" ብሎ መልሶ ሰረዘባት።