በሐዋሳ ሐይቅ ዳር

እሑድ ጧት ነበር። በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በኪራይ ቤት ከምትኖር አንዲት ወጣት ጋር ወደ ሐይቁ ወረድን። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር ከሳባቸው እጅግ ብዙ ሴቶች አንዷ ናት፤ አንዲቱን ክፍል ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታለች።

አሞራ ገደል ስንደርስ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ ያጸዳሉ። አባ ኮዳዎቹም እንደ ዘበኛ ተገትረው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። (እነዚህ መላጦች ሠርተው የሚበሉ አይመስሉም።) ወጣቷ ግን የምታየው ሌላ ነው፤ በውሃው ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ የምትራመድ ቡናማ ወፍ። የወፏ ጣቶች በጣም ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቷ ተዘርግቶ ያርፋል፤ ቅጠሉም አይሰጥምም።

«እትዬ፣ እኔ በአንድ ጣት ነበር የቆምኩት» አለችኝ።

አገራችን በ2014 ዓ.ም. አጎአ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትታገድ፣ ትሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ፤ እሷም ሥራዋን አጣች። ወደ እናቷ ቤት ለመመለስ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። የኪራይ ድርሻዋን ከፍለው ያቆዩዋት ጓደኞቿ ናቸው። ብዙዎቻችን ራስን መቻል ማለት የማንንም እጅ አለማየት ይመስለናል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ዛሬ በሌላ ፋብሪካ ትሠራለች። ዕቁብ ትጥላለች፤ በዕረፍቷም በሰው የስፌት መኪና የትምህርት ቤት ልብስ ትሰፋለች። የራሷን መኪና በዕቁቡ ልትገዛ አስባለች።

ዕጣው የሚወጣው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ስለነበረ፣ ለአራት የሚበቃ ዓሣ ገዝታ ቶሎ ተመለስን።