ከቂርያት መላኺ እስከ ያቭኔ፦ ዝናብ፣ ሻራቭና ዘፈን

ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ከቂርያት መላኺ ተነሥቶ በገደራ በኩል ያቭኔ የሚደርስ ሰው የሚሸፍነው መንገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሦስቱም ከተሞች ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ልጆቻችንም ሩጫ ይወዳሉ። ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ በዚያ መንገድ አብረን እንጓዝ። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ለሯጭ መጥፎ የአየር ጠባይ የሚባለው የትኛው ነው?

እኛ ከደጋ አገር የመጣን ሰዎች መልሱን የምናውቀው ይመስለናል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ክረምቱ ጭቃና ብርድ ነው፤ ደመና ሲጠቁር ልጅ ወደ ቤት ይጠራል። ፀሐይ ግን ወዳጅ ናት። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ሦስቱ ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞሉም። ዝናቡ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሲሆን በጋው ጠብታ የለውም።

ጉዞአችንን ከቂርያት መላኺ እንጀምር። ከተማዋ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ገደማ የስደተኞች መጠለያ ሰፈር፣ በዕብራይስጥ መዐባራ፣ ሆና ተቆረቆረች። ስሟ «የመላእክት ከተማ» ማለት ሲሆን የተሰየመችው በአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ነው፤ የዚያ ከተማ አይሁዶች ገንዘብ አዋጥተው ረድተዋታልና። በክረምት ጠዋት ከዚህ ሮጠን ስንወጣ ከየሰገነቱ «ኧረ ግቡ ልጆች፣ ብርድ ይመታችኋል!» የሚሉ እናቶች አይጠፉም። አሳቢነታቸውን እናከብራለን። ይሁን እንጂ የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ቀላል ዝናብም ያንን ሙቀት ያበርዳል። የሚጎዳው ሩጫው ካለቀ በኋላ በእርጥብ ልብስ ቆሞ ማውራት ነው።

ብዙዎቹ ልጆች በጆሮአቸው ዘፈን ይዘው ነው የሚሮጡት። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በየካቲት 1998 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ 2,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው «ስካትማን» የተባለው ዘፈን በአዳራሹ እየተሰማ ነበር፤ ሰዓቱም 4 ደቂቃ ከ52.86 ሴኮንድ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ በሳን ዲዬጎ ከተማ፣ በየመንገዱ የሙዚቃ ባንዶች የሚጫወቱበት ማራቶን ተጀመረ። በአዲስ አበባም ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ ከጭፈራና ከዘፈን ተለይቶ አያውቅም። ምቱ እርምጃን ያስተካክላል፣ ድካምንም ያስረሳል።

አሁን ገደራ ደርሰናል። የቢሉ ወጣቶች በ1884 የመሠረቷት ይህች ሰፈር ዛሬ ትልቅ ከተማ ሆናለች። አብዛኛው የአውራ ጎዳናው ክፍል የመኪና እንጂ የሯጭ ስላልሆነ ልጆቻችን የሚለማመዱት በየከተማቸው ውስጥና በእርሻ መንገዶች ላይ ነው። ሆኖም ርቀቱን በሐሳብ ስንለካ ገደራ ከግማሽ በላይ የምታልፍበት፣ እግር መክበድ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ትውላለች። እዚህ ላይ ስለ ሻራቭ መናገር አለብን።

ሻራቭ ከበረሃ የሚነፍስ ደረቅና ትኩስ አየር ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጋቢትና በግንቦት መካከል ነው። ከነሐሴ ሙቀት ይልቅ ሯጭን የሚያታልለውም ለዚህ ነው፦ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ሻራቭ ግን ከክረምቱ ቅዝቃዜ በኋላ ድንገት ይደርሳል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ ወዲያው ይተናል፤ ሯጩ ምን ያህል ውኃ እንዳጣ አይታወቀውም። መጋቢት 15 ቀን 2013 በቴል አቪቭ የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በሙቀቱ ምክንያት ሙሉው ማራቶን ከዕለቱ ተነሣ፣ ግማሹ ግን ተካሄደ፤ አንድ ወጣት ሯጭ ሞተ፣ ሌሎችም ሆስፒታል ገቡ።

ዘፈኑም በእንዲህ ያለ ቀን ጉዳት አለው። ድካም ሰውነት የሚልከው መልእክት ነው። በብርድ ቀን መልእክቱን ለጥቂት ጊዜ ባንሰማው የሚያስከትለው ነገር ትንሽ ነው። በሻራቭ ግን ራስ ምታቱን፣ ማቅለሽለሹንና ማዞሩን ዘፈኑ ሸፍኖ ሊያሳልፈው ይችላል።

ከገደራ ወደ ያቭኔ ስንወርድ ወደ ጥንታዊ ከተማ እንገባለን። ቤተ መቅደስ በ70 ዓመተ ምሕረት ከፈረሰ በኋላ ረባን ዮሐናን ቤን ዛካይና ሊቃውንቱ የተሰበሰቡት እዚህ ነው። በአጠገቧ ናሐል ሶሬቅ ይወርዳል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን በማምሉኮች የተሠራ ድልድይም በላዩ አለ። በበጋ ጅረቱን የሚያይ ሰው አይፈራውም። ዝናቡ ግን ከይሁዳ ተራሮች ሲወርድ ያቭኔ ፀሐይ ሆኖ ሳለ እንኳ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ የዝናብ እውነተኛ አደጋ ጎርፉና መብረቁ እንጂ ጠብታው አይደለም።

ስለዚህ ወላጆችን እንዲህ እንላለን። ልጁ በዝናብ ሊሮጥ ሲነሣ ደረቅ ልብስ አዘጋጁለት፣ ከጅረት ይራቅ በሉት፣ ነጎድጓድ ከሌለም ይሂድ። የሻራቭ ማስጠንቀቂያ በራዲዮ ከተሰማ ግን በዚያን ቀን ከበር መልሱት፤ ወይም ጎሕ ሲቀድ፣ ቀስ ብሎ፣ ውኃ ይዞና ጆሮውን ከፍቶ አጭር ሩጫ ይሩጥ። ሲሮጥ የተንገዳገደ ወይም ንግግሩ የተምታታ ሰው ካያችሁ ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

ማሩ ተፈሪ በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ ካገኘ ወዲህ በየሰፈራችን የሚሮጡ ልጆች በርክተዋል። ሁሉም በደኅና ወጥተው በደኅና እንዲገቡ እንመኛለን።