በጾመ ነቢያት የሚሠራ የበዓል ጌጥ

በቪየና የገና ዛፍ የሚያጌጠው በመስታወት እንክብልና በሻማ ብቻ አይደለም፤ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ተመትቶ፥ በቀለበትና በኮከብ አምሳል ተጨምቆ፥ በለዘብተኛ ምድጃ የደረቀ፥ ቪንድቤከራይ የሚባል ጣፋጭ በሪባን እየታሰረ በየቅርንጫፉ ይንጠለጠላል። ዛፉ ራሱ ለከተማይቱ እንግዳ ነበረ፤ በ1814 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ነገሥታትና መሳፍንት ለጉባኤ በተሰበሰቡበት ወራት፥ የበርሊን ተወላጅ የሆነችው ፋኒ ፎን አርንሽታይን በሀገሯ ልማድ በቤቷ ማቆሟን የመንግሥት ሰላዮች ጽፈው አስቀርተዋል። ሴትዮዋ አይሁዳዊት ነበረችና፥ የክርስቲያኑ ከተማ ጌጡን ከማን እጅ እንደ ተቀበለ ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ለእኛ ግን ነገሩ ከዘመን አቆጣጠር ጋር ይጋጫል። ቪየናውያን በዓሉን የሚያከብሩት ታኅሣሥ 15 ቀን ማታ ሲሆን፥ ኅዳር 15 የተያዘው የ44 ቀን ጾመ ነቢያት ገና አልተፈጸመምና፥ ሕንጻው ሁሉ ቅቤና ቫኒላ ሲሸት የኢትዮጵያዊ ምእመን ቤት ከእንቁላልና ከወተት ርቆ ይቆያል። እኔ ግን ከታችኛው ፎቅ ከሚኖሩት አረጋዊት ጎረቤቴ ጋር ጌጡን መሥራት ልማድ አድርጌአለሁ፤ የእርሳቸው ጣቶች በቁርጥማት ስለ ደከሙ መጭመቁ የእኔ ድርሻ ነው፤ ሊጥ በምጣድ ላይ ሲያዞር የኖረ እጅም ቀለበቱን ለማቅናት ብዙ አይቸገርም።

ሥራው ሳይቀመስ የሚፈጸም መሆኑ ለጾመኛ ይመቻል፤ ሁሉ በሚዛን ነውና። ለአንድ እንቁላል ነጭ ከ50 እስከ 60 ግራም ስኳር ይበቃዋል። አስኳሉ ጠብ ካለበት ወይም ሳህኑ ቅባት ከነካው አረፋው አይቆምም፤ አየሩን አቅፎ የሚይዘውን የነጩን ፕሮቲን ቅባት ያፈርሰዋልና። ጥቂት የሎሚ ጠብታ ተጨምሮበት፥ ስኳሩ በማንኪያ በማንኪያ እየገባ፥ መምቻው ሲነሣ ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ይመታል። ከዚያም በ100 ዲግሪ ገደማ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ ይህም መጋገር ሳይሆን ማድረቅ ነው፥ የሚቸኩል ሰው ነጩን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ስኳር እርጥበትን ስለሚስብ ሾርባ በሚፈላበት ክፍል መስቀል አይገባም፤ በክረምት በማሞቂያ የደረቀ ሳሎን ግን ጌጡን ለሳምንታት ያቆየዋል። የተረፈው አስኳል ለጎረቤቴ ብስኩት ይሆናል።

በ2014፥ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ፥ የሽምብራ ቅቅል ውሃ እንደ እንቁላል ነጭ ተመትቶ እንደሚያረፋ አስታወቀ። ሽምብራን ስንቀቅልና ውሃውን ስንደፋ የኖርን እኛ መሆናችን ትንሽ ያስቆጫል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በአንድ እንቁላል ነጭ ፈንታ ይገባል፤ ውሃው ቀጥኖ ከሆነ በእሳት ይወፍራል፤ ለመቆም ረዘም ያለ መምታት ይፈልጋል፤ ሲደርቅም ከእንቁላሉ ይልቅ ተሰባሪ ነው፥ የጥራጥሬው ሽታ ግን በምድጃ ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። የቀለበቱን አንድ ትሪ ወደ ቤተ ክርስቲያን ብወስድ፥ አንዲት እናት አገላብጠው አዩና፥ «ልጄ፥ ሽምብራውስ የጾም ነው፤ ምላስሽ ግን ጾሟል ወይ?» አሉኝ። ጾም ከፍትወት መከልከል እንጂ በብልሃት ማምለጥ አለመሆኑን አባቶች ስላስተማሩን እውነታቸውን ነው፤ ሆኖም ይህን ብለው ሁለተኛውን ሲያነሡ አይቻቸዋለሁ።

በጃኑዋሪ 6፥ የሦስቱ ነገሥታት በዓል ሲውል፥ በብዙ ቤት ዛፉ ይወርዳል፥ ልጆችም ጌጡን ይበሉታል። ያች ሌሊት ለእኛ የልደት ዋዜማ ናትና፥ ጎረቤቴ የእንቁላሉን ጥቂት በቆርቆሮ ሣጥን ዘግተው ያስቀምጡልኛል፤ ከቅዳሴ መልስ ከዶሮው ወጥ በኋላ እንበላዋለን።

በኋላ ጊዜ የልጅ ልጃቸው እንቁላል የማይስማማው ሆኖ ተገኘ። «የሽምብራውን እባክዎ ያስተምሩኝ» ብለው ወረቀትና እርሳስ ይዘው መጡ።

«ያለ ጨው ይቀቅሉት፥ በውሃውም ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ውሃውን ብቻ ያጥሉ» አልኳቸው።

«ሽምብራውንስ ምን ላድርገው?»

በዚያ ዓመት በበዓሉ ዋዜማ ከተጠበሰው የካርፕ ዓሣ ጎን በርበሬ የተነሰነሰበት ንፍሮ በጎረቤቴ ማዕድ ላይ ቀረበ።